የተሰበረው ቃሬዛና የእሑድ ከሰዓት አናጢዎች



 

ቀጥሎ የምታነቡት የመስጊዳችን ኮሚቴ ባዘጋጀው የምሽት ስብሰባ ላይ በቃል ያሰማሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው በጽሑፍ እንዳቀርበው ሲጠይቀኝ አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ በዚያ ምሽት አፍሬ የዘለልኩትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ። ንግግሩን እንደ ጀመርኩ ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ አንድ አባት «ኢማም ስለ መላጊያና ስለ መጋዝ ምን አገባው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚጀምረው ከመስጊዳችን ቃሬዛ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዝናብ ሲጥል ባደረበት አንድ ማለዳ፣ የአንዲት እናት ጀናዛ ተሸክመን ወደ መቃብር ስፍራ እንሄድ ነበር። ዳገቱን ጀምረን ጥቂት እንደ ሄድን ከቃሬዛው ሁለት ረጃጅም መሸከሚያዎች የቀኙ ከፊት በኩል ተሰነጠቀ። አልሐምዱሊላህ፣ ጀናዛው አልወደቀም። አራት ወጣቶች ከሥር ገብተው በትከሻቸው ደግፈው የቀረውን መንገድ እንዲያ ጨረስነው። ልጇ ግን ሁሉንም አየ። ቀብሩ ሲያበቃ እጄን ጨበጠኝ እንጂ አንድም ቃል አልተናገረም። ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ፤ ምክንያቱም ያ ቃሬዛ ከወራት በፊት ጀምሮ ሲያንቋቋ እሰማው ነበር። «ይታያል» እያልኩ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ምሽት ያልተናገርኩት ይህን ነበር።

በማግሥቱ ቃሬዛውን ወደ አንድ ሥራ ቤት ይዘን ሄድን። ባለሙያው አገላብጦ አየውና «ይህ አያዋጣችሁም፣ በብረት ቱቦ ልበይድላችሁ» አለን። ሰውየው ቅን ነው፣ ዘመኑም የብየዳ ዘመን ነው። ነገር ግን የብረት ቃሬዛ ክብደቱን፣ በበረዶ ማለዳ ትከሻ ላይ ማረፉን አስቡት፤ የእኛ መቃብር ደግሞ ዳገት ላይ ነው። እያመነታን ስንወጣ በር ላይ ቆሞ ያዳምጠን የነበረ አንድ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር «ኡስታዝ፣ ለኔ ስጡኝ፤ ከቤት ተቀምጬ ምን እሠራለሁ» አለ።

እሱም የተሰነጠቀውን እንጨት ፈትቶ ምክንያቱን አሳየን። መሸከሚያው ከረባዳው ጋር የተያያዘው በትልልቅ ምስማር ነበር። ቃሬዛውን ባጠብነው ቁጥር፣ ዝናብ በመታውም ቁጥር፣ ምስማሩ ይዝጋል፤ በዝገቱ ዙሪያ ውኃ ይቋጠራል፤ ውኃው እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ደኅና ነው። «ይህን እንጨት የሰበረው ክብደት አይደለም፣ ምስማር በልቶት ነው» አለን። እንግዲህ አዲሱ ያለ ምስማር፣ አንዱ እንጨት በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ወንድና ሴት ሆኖ እንዲገጥም ወሰነ። ይህን ለማድረግ ግን መሮ የሚይዝ እንጂ ልክ የሚያወጣ ሰው አልነበረውም። ከጎባ አንድ ጡረተኛ መምህር ጠራ። መምህሩ ከአባታቸው የወረሱት የእንጨት መላጊያ ነበራቸው። እንጨቱን ደግሞ የሰጠን ከሲናና ወገን የመጣ አንድ ገበሬ ነው፤ ጎተራው ሥር ሁለት ዓመት የደረቀ ባሕር ዛፍ ነበረው።

ገበሬው ያደረገውን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ እንጨቱን በመጋዝ ለመሰንጠቅ ተዘጋጅተን ነበር። እሱ ግን «ቆዩ» ብሎ ጫፉ ላይ በመጥረቢያ ከፈተው፤ ሽብልቅ ከተተበትና በመዶሻ እየመታ ከዳር እስከ ዳር ፈለጠው። መጋዝ ቀጥ ያለ መሥመር ይከተላል፤ የእንጨቱ አሠር ጠመም ብሎ ከሆነ ይቆራርጠዋል። ሽብልቅ ግን የሚሄደው አሠሩ በሄደበት ነው፤ ስለዚህ የተፈለጠ እንጨት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያልተበጠሰ ጅማት ይዞ ይወጣል። ሸክም ለሚሸከም ነገር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ይህን ለአርባ ዓመት ያስተማሩት መምህርም አያውቁትም ነበር፣ ሹፌሩም አያውቅም ነበር። ገበሬው ግን ከአባቱ ጋር ሞፈር ሲጠርብ ያደገ ነው። መምህሩ በማዕዘን ለክተው ሲያሠምሩ ደግሞ እሱ አጎንብሶ በመገረም ያያል።

ቃሬዛው ሦስት እሑድ ፈጀ። በአራተኛው እሑድ ሥራ አልነበረንም፤ ሁላችንም ግን ሳንጠራራ መጣን። ከዚያ ወዲህ ቀጥለናል። አሁን አንዳንድ ጊዜ አሥር፣ አንዳንድ ጊዜ አምስት እንሆናለን። አንዲት የጤና ባለሙያ አለች፣ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ አለ። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም፣ መዋጮም የለንም። የምንገናኘው እሑድ ከዙሁር በኋላ ነው። ሰዓቱ እንዲህ የሆነው እኛ ሰግደን፣ የጎባው መምህርና ሌሎች ክርስቲያን ወንድሞቻችንም ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ በልተው እንዲደርሱ ነው። ከጎባ እስከ ሮቤ ያለው መንገድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መምህሩ እሑድ ትራንስፖርት አይጠፋም ይላሉ። በወር አንድ ጊዜ እኛ ወደ እሳቸው እንሄዳለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዳስ ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ ይደባለቃል፤ በሁለቱም ላይ ጣሊያንኛ አለበት። ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቪቴ፣ ኮላ፣ ሌላው ቀርቶ መሬት ላይ የሚበተነው ሰጋቱራ እንኳ ስሙ ከጣሊያን የመጣ ነው። ጠላት ከአገር ወጥቶ ሲሄድ ስኳድራው ቀረ። ገበሬው ግን ለሞፈሩ፣ ለእርፉ፣ ለድግሩ፣ ለቀንበሩ የሚጠቀምባቸው ቃላት ሁሉ የራሳችን ናቸው። ከዚህ የምገነዘበው አገራችን እንጨት መሥራትን ከባዕድ እንዳልተማረች ነው።

እንደሚታወቀው ባሌና አርሲ የስንዴ አገር ናቸው። በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎች በዞናችን ተስፋፍተው ነበር፤ ትራክተሩና ኮምባይነሩም ከዚያ ወዲህ አልተለየንም። ይህ በረከት ነው፤ ማጭድ ይዞ ሲያጭድ የኖረ ሰው ኮምባይነርን አይጠላም። ነገር ግን አብሮት የሄደ ነገር አለ። ቀድሞ እያንዳንዱ ገበሬ በግድ አናጢ ነበር። ቀንበሩ በእርሻ መካከል ቢሰበር ከተማ ሄዶ አይገዛም፤ ራሱ ይጠርባል። ለሞፈር የሚሆነውን ዛፍ በቁሙ ያውቀዋል፤ ለእርፍ የሚሆነውን ደግሞ ተፈጥሮ ያጎበጠችውን ቅርንጫፍ አይቶ ከሁለት ዓመት በፊት ምልክት ያደርግበታል። ጎባጣውን ከቀጥ እንጨት ቆርጠህ ብታወጣው አሠሩ ስለሚበጠስ ይሰበራል፤ ጎብጦ ያደገው ግን አይሰበርም። የእኛ ገበሬ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። አንዳቸውም ሞፈር አልጠረቡም። አያስፈልጋቸውምና አልወቅሳቸውም። እሱ ግን ባጃጅ ነጂው መጥረቢያውን ሲያነሣ እጁን ይዞ ሲያስተካክልለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ብታዩ የምለው ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ውስጥ የደነዘ መሮ ወይም የዛገ መላጊያ አላችሁ።

በመጀመሪያ የተማርነው መሳል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከመሳል በቀር ምንም አልሠራንም ማለት ይቻላል። ሹፌሩ ይህን ሙያ ያገኘው ጋራዥ ውስጥ ነው። የመላጊያ ምላጭ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ጠፍጣፋው ጀርባ፣ ሌላው የተዳፋው ፊት። ሰው ሁሉ የሚስለው ፊቱን ብቻ ነው። ስለት ግን ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መሥመር ነውና ጀርባው ጎድጓዳ ወይም ዝገት የበላው ከሆነ ፊቱን ዓመት ብትስለው አይሆንም። ስለዚህ ጀርባው ጫፉ አካባቢ እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ይለሰልሳል። ፊቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ተዳፍቶ ይሳላል። ስትስለው ጀርባው ላይ በጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ከንፈር ይወጣል፤ ያ ከንፈር ከዳር እስከ ዳር ካልተዳሰሰ ስለቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው። ከደረሰ በኋላ ጀርባውን ድንጋዩ ላይ አስተኝተህ ከንፈሩን ታነሣዋለህ። መሳያ ድንጋይ የሌለው ወፍራም መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ ከሻካራው ወደ ለስላሳው ቢሄድ ያው ነው። እኛ የምንጠቀመው የተሰበረ የመስኮት መስታወት ነው።

የመጋዝ ነገር ሌላ ነው። የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጥቂት ዘመም ማለት አለባቸው፤ አለዚያ መጋዙ በቆረጠው ውስጥ ይጣበቃል። ብዙ ሰው መጋዙ ሲጣበቅበት ጉልበት ይጨምራል፣ ሳሙና ወይም ዘይት ይቀባል፤ ጥርሱን የሚያይ የለም። በሦስት ማዕዘን ሞረድ አንዱን እየዘለሉ ከአንድ ወገን፣ ከዚያም መጋዙን አዙሮ የቀሩትን ከሌላው ወገን መሞረድ ነው። በጃፓን አገር መጋዝ የሚቆርጠው ሲስቡት እንጂ ሲገፉት አይደለም። የሚሳብ ነገር ስለማይጎብጥ መጋዛቸው እጅግ ቀጭን ነው፤ እኛ የምንገፋው ግን እንዳይታጠፍ ወፍራም መሆን አለበት። ይህን ለተማሪዎቹ ስንነግራቸው አንደኛዋ ልጅ የኛን መጋዝ ገልብጣ ይዛ ስትስብ ዋለች። አልተሳካላትም፤ ግን ለምን እንዳልተሳካ ከኛ በተሻለ አስረዳችን።

ስለ ራሴ ደግሞ ልናገር። ሥራ እንደ ጀመርኩ የቸኮልኩት ለኪታቦቼ መደርደሪያ ለመሥራት ነበር። ሰፋ ያለ ጣውላ ለላይኛው ክዳን አገኘሁ፤ እንዳይጣመም ብዬ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች በኮላና በምስማር አጥብቄ መታሁበት። አማረ። እንግዳ ሲመጣ አሳይ ነበር። ዝናቡ አቁሞ የታኅሣሥና የጥር ደረቅ ንፋስ ሲነፍስ አንድ ሌሊት እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ሰማሁ። ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

የጎባው መምህር ምክንያቱን ሲያስረዱኝ አልሳቁብኝም፤ ሌሎቹ ግን ሳቁ። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ እርጥበት ይጠጣል፣ ይተፋል። ሲደርቅ በቁመቱ የሚያጥረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በወርዱ ግን በጉልህ ይጠባል። እኔ በወርዱ እንዳይንቀሳቀስ ከአግዳሚ እንጨት ጋር አሰርኩት። መንቀሳቀስ ግድ ስለ ሆነበት ተሰነጠቀ። ቀድሞ የሠሩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ በር ሲሠሩ መካከለኛውን ሳንቃ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ልቅ አድርገው ያስቀምጡታል እንጂ አያጣብቁትም። ቤታችሁ ያለውን የቆየ በር እዩት። ያ ክፍተት የአናጢው ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

እንጨቱን ከየት እንደምናገኝ የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ጥያቄው በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ባሌ የደን አገር ነው። ሮቤና ጎባ ሆነን ቀና ስንል የሚታየን ኮሶና ጽድ ያለበት ተራራ ነው፤ ከሳነቴ አምባ ማዶ ደግሞ የሐረና ደን አለ። ፓርኩ ከተቋቋመ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ነገር አልፏል። በ1992 ዓ.ም. የተነሣውን ሰደድ እሳት ያየን ሰዎች ጭሱን አንረሳውም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ዋንዛን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ያ አዋጅ በሌሎች ተተክቷል፣ እነዚህ ዛፎች የተጠሩበት ምክንያት ግን ያው ነው። አናጢ የሚወዳቸው እነሱን ነው። የሚወደድ ዛፍ ቀድሞ ያልቃል።

ስለዚህ አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፤ ከየት እንደ መጣ የማናውቀው እንጨት ወደ ዳሱ አይገባም። ሌሊት በአህያ የመጣ ጣውላ በርካሽ ቢሰጠንም አንወስድም። የምንሠራው በባሕር ዛፍና በየሰው ግቢ በተተከለ የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ከፈረሰ ቤት፣ ከተሰበረ አልጋ፣ ከጭነት መኪና ከሚወርድ የዕቃ መደላድል ላይ የሚገኘውንም እንለቅማለን። ባሕር ዛፍ አስቸጋሪ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ስለት ያደንዛል። ጫፉን ቀለም ወይም ሰም ቀብተህ፣ በጥላ ሥር በመካከሉ አየር እንዲገባ ደርድረህ፣ በትዕግሥት ካደረቅኸው ግን ይገዛል። አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያዋ ከአያቷ ግቢ የተነቀለ አሮጌ የአጥር ቋሚ ይዛ መጣች። ግራጫ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ለማገዶ እንኳ የማይመኙት ነበር። ሹፌሩ በመላጊያ አንድ ጊዜ ገፋ ሲያደርገው ከሥሩ ቀይ እንጨት ወጣ፤ ዳሱን በሙሉ ሽታው ሞላው። ሀገሬው ሂንዴሳ የሚለው የአገራችን ጽድ ነበር። ስንት ዓመት መሬት ውስጥ ቆሞ ልቡ አልበሰበሰም። ሁላችንም ሥራችንን ትተን ስናሸት ቆየን። ከእሱ ማንኪያዎችና አንድ ረህል ወጣ።

አሁን በዚያ ምሽት ወደ ተጠየቅሁት ጥያቄ ልመለስ። ነቢዩ ኑሕ መርከብ እንደ ሠሩ፣ ነቢዩ ዘከሪያ አናጢ እንደ ነበሩ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የመዲናው የመጀመሪያ ሚንበርም አንድ አናጢ ከእንጨት ያበጀው፣ ሦስት ደረጃ የነበረው ነው። እኛ ኢማሞች ይህን በጁምዓ እናወራለን። ከሚንበር ስንወርድ ግን ለባለእጅ ልጃችንን ለመዳር እናቅማማለን። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በምን ስም ስንጠራቸው እንደ ኖርን ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ደብቆ የኖረው፣ ለልጁም «አንተ ተማር፣ እንደኔ አትሁን» ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ንፉግ ስለ ሆነ አይደለም።

ይህን የምለው የራሴን ስለማስታውስ ነው። ቁርኣን ያስቀሩኝ ሼኽ ሎሆቻችንን የሚሠሩልን በእጃቸው ነበር። ለማታውቁት፣ ሎህ ማለት የቁርኣን ተማሪ ትምህርቱን የሚጽፍበት ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ከጥቀርሻ በተበጀ ቀለም ይጻፍበታል፣ ልጁ ሲሸመድደው በውኃ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ እንደገና ይጻፍበታል። አሁን የተናገርኩትን ስለ እርጥበት አስታውሱ። በየቀኑ የሚታጠብና በፀሐይ የሚሰጣ ቀጭን ሳንቃ ነው፤ የኔ ክዳን በአንድ በጋ ሲሰነጠቅ የሼኹ ሎሆች ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ እየተላለፉ ዓመታት ይኖሩ ነበር። እንጨቱ ከቆላው፣ ከዶሎ መና በኩል የሚመጣ ዋንዛ እንደ ነበር አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ያደርጉበት እንደ ነበር፣ በምን ይቀቡት፣ ስንት ጊዜ ያሳድሩት እንደ ነበር አላውቅም። ጓሮ ተቀምጠው ሲጠርቡ እያየሁ በአጠገባቸው ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ከጎልማሳነቴ በኋላም ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። አንድ ጊዜ «ልጄ፣ ና ይህን ያዝልኝ» ብለው ሲጠሩኝ መጽሐፍ ይዤ ስለ ነበር ለሌላ ልጅ አስተላለፍኩ። ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ልጆቻቸውንም፣ አብረውኝ የቀሩትንም ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቅ የለም።

ይህ የኛ መንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአል-አቅሷ መስጊድ ውስጥ የነበረው የሰላሑዲን ሚንበር በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኑረዲን ትእዛዝ በሐለብ የተሠራ ነበር። ከብዙ ሺህ ትንንሽ ቁርጥራጮች ያለ ምስማርና ያለ ኮላ እርስ በርስ ተቆላልፎ የተገጠመ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1969 አንድ ሰው መስጊዱ ውስጥ እሳት ለኮሰና ሚንበሩ ተቃጠለ። እንደገና ለመሥራት ሲታሰብ ገንዘብ አልጠፋም፣ እንጨትም አልጠፋም፤ የጠፋው የሚያውቅ እጅ ነው። በመጨረሻ በዮርዳኖስ ከተለያዩ አገሮች የተሰባሰቡ ባለሙያዎች በፎቶግራፍና በተረፈው ቁራጭ እየተመሩ፣ ስሌቱን እንደ አዲስ እያወጡ ሠሩት፤ ቦታው ላይ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ማለት ነው። የቀደሙት ሰዎች ያንን ዕውቀት ለመያዝ የጠየቃቸው አንድ ልጅ አጠገባቸው አስቀምጦ እንዲያይ ማድረግ ብቻ ነበር።

የዳሳችን ነገር ሁሉ መልካም እንደ ሆነ አድርጌ ብናገር ግን እዋሻለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት የተሰባበሩ ወንበሮችን በነፃ ጠገንን። ተመስግነናል፤ ደስ ብሎናል። ከሳምንት በኋላ በከተማችን የታወቀ አንድ አናጢ መስጊድ በር ላይ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ሥራ አለዎት፣ እነዚያ ጡረታ አላቸው። እኔ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ያንን ሥራ እኔ ልወስደው ተነጋግሬ ነበር። እናንተ ለመዝናናት በነፃ ስትሠሩ ለኔ ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እኔ ሰደቃ ያደረግሁ መስሎኝ የሰው እንጀራ ላይ ቆሜ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁት። እሑድ ለሁሉም ነገርኳቸው። ብዙ ተከራከርን፤ ሹፌሩ «ለድኻ በነፃ መሥራትን ማን ይከለክላል?» ብሎ ተቆጣ፤ ገበሬው የአናጢው ወገን ሆነ። አሁን አንሸጥም፤ ከፍሎ የሚያሠራ ሰው ያለበትን ሥራም አንነካም፤ የጠየቀን ሁሉ አቅም ካለው ወደ አናጢዎቹ እንልከዋለን። የምንሠራው ለየቤታችን፣ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን፣ ምንም ለሌለው ጎረቤት ነው። ይህ ቅሬታውን አጥፍቶታል አልልም። ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ከዚያ አያልፍም። ገበያውን የያዙት ከፋብሪካ የሚመጡት የቺፑድ ዕቃዎች መሆናቸውን እኔም እሱም እናውቃለን፤ ግን ቺፑድን መስጊድ በር ላይ ቆሞ መውቀስ አይቻልም።

እኚህን ሰው ያነሣሁት ስለ ቅሬታው ብቻ አይደለም። መሳቢያ ሲሠራ ሁለቱን ማዕዘን እንደ ሁለት እጅ ጣቶች አቆላልፎ፣ ያለ ምስማር፣ ፀጉር በማያስገባ ልክ ይገጥማል። ይህን በማሽን ሳይሆን በመጋዝና በመሮ ብቻ ነው የሚሠራው። እኛ አንድ ዓመት ሞክረን አልሆነልንም። የጎባው መምህር ከመጽሐፍ ያለውን አሳይተውናል፤ መጽሐፉ ግን እጁ የት ላይ እንደሚያርፍ አይናገርም። ሰውየው ዕድሜው ከስድሳ አልፏል። ረዳቶቹ ብየዳ ይከፍላል ብለው ሄደዋል። አሁን ከሥራ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው።

በኮሚቴው ፈቃድ ይህን እዚህ እጽፋለሁ። ወንድሜ ይህን ካነበብክ፣ ወይም ያነበበልህ ካለ፣ እሑድ ከሰዓት አንድ ተማሪ ልላክልህ እፈልጋለሁ። መጋዙን ገልብጣ የሳበችውን ልጅ ነው የማስበው። ስለ ጊዜህ እኛ አዋጥተን እንከፍልሃለን፤ ይህ ሰደቃ አይደለም፣ ዋጋ ነው። ከእኛ ጋር ባትቀመጥም ግድ የለም። እሷን ግን አስቀምጣት፣ ትይህ።

እኔ ሎህ መሥራት ጀምሬያለሁ። ከፈረሰ አልጋ ላይ የተገኘ ዋንዛ አለኝ። የመጀመሪያው በሳምንቱ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ሦስት ወር ቆይቶ እንደ ጀልባ ጎበጠ። ሦስተኛውን ለየት ባለ መንገድ አድርቄዋለሁ፤ የመስጊዳችን አንድ ልጅ ከረመዷን ጀምሮ ይጽፍበታል፣ ያጥበዋል። እስካሁን አለ። ከሼኼ ሎሆች አንዱን በቤቱ ያቆየ ሰው ካለ፣ ተሰብሮም ቢሆን፣ ያሳየኝ፤ አልወስድበትም፣ ጎኑን ብቻ ማየት ነው የምፈልገው።

በሚመጣው እሑድ የመጋዝ ጥርስ እንሞርዳለን። መምጣት የሚፈልግ ወንድም ወይም እህት የደነዘ መጋዙን ይዞ ይምጣ። ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያለው ቢጨምርበት ደግሞ መልካም ነው፤ ያሉን ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱም ሊያልቅ ተቃርቧል።